ማዕዛ ባሕር የወረደች ጊዜ

ማዕዛ እናቷን ቀብራ አርባውን ካወጣች በኋላ ያገኛት ሰው ሁሉ አንድ ምክር ብቻ ይሰጣት ጀመር። «እንግዲህ ዕረፊ» ይላታል። ጎረቤቱም፣ የንስሐ አባቷም፣ ታች ሱቅ ያለው ሰውዬም። ማለቱ ቀላል ነው። እንዴት እንደሚታረፍ የሚያሳያት ግን አልተገኘም።

ከአሥር ዓመት በላይ፣ ገርጂ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ስትሮክ የጣላትን እናቷን ስታጥብ፣ ስታጎርስ፣ ስታገላብጥ ኖራለች። የትምህርት ቤት ላይብረሪ ሥራዋን ለጥቂት ወር ብላ ተወችው፤ በዚያው ቀረ። ትዳርም አንድ ጊዜ በሩን አንኳኩቶ ነበር፤ የምትከፍትበት እጇ አልፈታ ሲላት ተመልሶ ሄደ። ሐኪም ቤት በሚሄዱበት ቀን እናቷን ከነወንበሯ ተሸክመው የሚያወርዱት የሰፈር ጎረምሶች ነበሩ። ወንድሟ ሽፈራው ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። አሁን እናትየው የለችም፤ ማዕዛ ግን ሌሊት እየባነነች ትነሣለች። ባዶው አልጋ አጠገብ ትቆምና ምን ልትሠራ እንደመጣች ሲጠፋት ተመልሳ ትተኛለች።

ይህን የሚያውቁት ሁለቱ ጓደኞቿ ብቻ ናቸው፤ ኢምፔሪያል አካባቢ መጋረጃ የምትሸጠው ሸሪፋና ቦሌ ባንክ የምትሠራው እድላዊት። ሦስቱ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ አልተለያዩም።

«ባሕር እንሂድ» አለች ሸሪፋ አንድ ቅዳሜ።

«ላንጋኖ?» አለች ማዕዛ።

«የምን ላንጋኖ! ዋናው ባሕር። ሀሩን ሞምባሳ አይደል ያለው? ጀልባ ያላቸው ወዳጅ አሉት፤ ባለ ሸራ። ከላሙ እስከ ሞምባሳ ዳር ዳሩን ይዘን እንወርዳለን። ምንም ሥራ የለም። ተኝቶ መሄድ ብቻ።»

ሀሩን የሸሪፋ ታናሽ ወንድም ነው፤ ኬንያ ከገባ ቆይቷል። ማዕዛ እምቢ ለማለት ምክንያት ፈለገች፤ አጣች። ያለ ምክንያት እምቢ ማለት ደግሞ አታውቅበትም።

ከጥምቀት በኋላ ሄዱ።

ጀልባዋ ማዕዛ በሐሳቧ ከሣለቻት ታንሳለች። አንድ ወፍራም ምሰሶ፣ ቦታ ቦታው የተጣፈ ትልቅ ሸራ፣ ከሸራው በስተኋላ ጥላ፤ ከጥላው ሥር የተነጠፉ ፍራሾች። ባለቤቱ ሙዜ ሳሊም የሚባሉ ሽበታም ሰው ናቸው፤ ከወንድማቸው ጋር ሆነው ይነዷታል። ሀሩን ከወደቡ ሸኝቷቸው ተመለሰ። ሙዜ ሳሊም ይህችን በምታህል እንግሊዝኛቸው ለእድላዊት ነገሯት፤ በዚህ ወር ነፋሱ ከሰሜን ነው፤ ከኋላ እየገፋ ይወስደናል፤ ማታ ማታ ባሕሩ ጸጥ ካለበት ዳርቻ መልሕቅ ጥለን እናድራለን።

ሸራው ተሳበ። ጨርቁ መጀመሪያ ተርገበገበ፣ ከዚያ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ተነፋ፤ ጀልባዋም ድምፅ ሳታሰማ መሄድ ጀመረች። እድላዊት በደስታ ጮኸች፤ ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ያዘች። «ማዕዚ፣ እዪው እንጂ! ሲሪየስሊ፣ እንዴት ያምራል!»

ማዕዛ አየችው። ውኃ ነው፤ ብዙ ውኃ። በግራ በኩል ማለቂያ የለውም፤ በቀኝ በኩል ነጭ አሸዋና የዘንባባ ዛፍ ቀስ እያለ ያልፋል። አንድ ነገር ሊሰማት እንደሚገባ ታውቃለች። ጓደኞቿ ፊቷን ሲያዩ ፈገግ አለችላቸው። ከዚያ ፍራሹ ላይ ጋደም አለችና ወዲያው እንቅልፍ ጣላት።

የነቃችው በማቃሰት ድምፅ ነው። ማን እንደሆነች፣ የት እንዳለች ሳታስብ ብድግ ብላለች። ሸሪፋ የጀልባዋን ጠርዝ ይዛ ታስታውካለች።

«ወላሂ ሞትኩ» አለች ሸሪፋ። «ማዕዚ፣ ያዢኝ።»

ማዕዛ ግንባሯን ደገፈችላት። አፏን አጠበችላት፣ ሻርፗን አላላችላት፣ ጨርቅ አርጥባ አንገቷ ላይ አደረገችላት። ሎሚ ጨምቃ በማንኪያ ሰጠቻት። እጆቿ የሚሠሩትን ያውቁታል፤ እሷን አልጠየቋትም። እድላዊት ከወዲያ በኩል ሆና፣ «ማዕዚ እያለች ምን ችግር አለ!» አለች፤ ወደ ፎቶዋም ተመለሰች።

ባሕሩ ሸሪፋን አልለቀቃትም። ያን ቀንም በማግሥቱም ሲያጥወለውላት ማዕዛ ከአጠገቧ አልተነሣችም። አብረው ሊያዩዋቸው ያሰቧቸው የዳርቻ መንደሮች በየተራ አለፉ፤ ማዕዛ ያየችው የሸሪፋን ፊትና ባልዲውን ብቻ ነው። ሌሊት ገመዱ ሲንቋቋ እናቷ የጠራቻት እየመሰላት ትነሣለች። ነቅታም አታርፍም፤ አሁን በእውነት የሚጠራት ሰው አለ።

በሦስተኛው ቀን ነፋሱ ለዘብ አለና ሙዜ ሳሊም ጥልቀት የሌለው ሰማያዊ ውኃ ላይ መልሕቅ ጣሉ። ሸሪፋ ትንሽ ተሽሏት ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች። ማዕዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ሄዳ እግሯን አንጠልጥላ ተቀመጠች። ማንም አልጠራትም። ፀሐይዋ ትከሻዋን ታሞቀዋለች። ከሩቅ የሌላ ጀልባ ሸራ ይታያል፤ ይሂድ ይቁም አይለይም። ዓይኗን ሸራው ላይ ጣል እንዳደረገች ቆየች።

«ዋይ! ዋይ እግሬን!»

እድላዊት ናት። ውኃ ውስጥ ቆማ ፎቶ ስትነሣ እንደ ጃርት እሾሃም የሆነ የባሕር እንስሳ ረግጣለች። የሙዜ ሳሊም ወንድም ጎትቶ ጀልባዋ ላይ አወጣት። ተረከዟ ላይ ጥቁር እሾህ ተሰክቷል።

«ማዕዚ! ማዕዚ ነይ!»

ማዕዛ ሰማች። ጉልበቷ ለመነሣት ሲዘጋጅ ተሰማት። አልተነሣችም።

«ማዕዚ! አትሰሚም እንዴ?»

«እሰማለሁ» አለች ማዕዛ ፊቷን ሳታዞር። «አልመጣም።»

እድላዊት ልቅሶዋን ያዝ አደረገች። ሙዜ ሳሊም ነገሩ ባይገባቸውም ፓፓያ አንሥተው ልጣጩን ሰነጠቁና ፈሳሹን እንደ አገራቸው መድኃኒት እሾሁ በተሰካበት ላይ ቀቡ። ሸሪፋ ራሷ እየዞረ በአራት እግሯ ሄዳ የእድላዊትን እግር ጭኗ ላይ አደረገችው። «ዝም በይ፣ እኔ አወጣልሻለሁ» አለቻት፤ ከቦርሳዋም የቅንድብ መንቀያዋን አወጣች።

እድላዊት እግሯ ከታሰረላት በኋላ አኮረፈች። ሲመሽ ግን አልቻለችም። እያነከሰች ማዕዛ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች።

«ምን አድርጌሽ ነው?»

«ምንም አላደረግሽኝም።»

«ታዲያ እንደዚያ እየጮኽኩ...»

«ደከመኝ፣ እድል» አለች ማዕዛ። ድምፅዋ ቁጣ የለውም፤ ቁጣም ጉልበት ይፈልጋል። «ሰው ሁሉ ዕረፊ ይለኛል። የታመመ ሁሉ ደግሞ የሚጠራው እኔን ነው። እናንተም ዕረፊ ብላችሁ አመጣችሁኝና ይኸው፣ ቤቴም ባሕሩም አንድ ሆነብኝ። እጄን ሲጠሩት ይሄዳል። ዛሬ አልሄድ ሲል ደነገጥኩ፤ አንቺ ብቻ አይደለሽም የደነገጥሽው።»

ሸሪፋ ከኋላ ሆና ትሰማለች። ቆይታ፣ «አጥፍተናል» አለች። «አፉ በይን። ወላሂ፣ ሲያመኝ አንቺን ከመጥራት በቀር ሌላ ነገር አልታየኝም።»

እድላዊት የማዕዛን እጅ ያዘችና እንደያዘችው ቆየች። በነጋታው እስከ ሞምባሳ ድረስ ምግቡን ያቀረበችው፣ ብርጭቆውን ያጠበችው፣ ሸሪፋንም ደግፋ የያዘችው እያነከሰች እሷ ናት። ማዕዛ ተቀምጣ ሸራውን ስታይ ዋለች። ከነፋሱ በቀር የሚደክም የለም። እሱን ብቻ ወደደችው።

ሽፈራው ቦሌ ኤርፖርት በራፍ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ማዕዛ ገረማት፤ ወንድሟ ለቅሶ እንኳ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ሻንጣዋን ተቀብሏት መኪናው ውስጥ ጫነ። እድላዊት ባሏ መጥቶ ወሰዳት፤ ሸሪፋ ኢምፔሪያል ጥሉኝ ብላ አብራቸው ገባች።

መንገድ ላይ ሽፈራው ጉሮሮውን ጠራረገ። «እትዬ አልማዝ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ሰምተሻል?»

እትዬ አልማዝ አክስታቸው ናቸው፤ ጉርድ ሾላ ብቻቸውን ይኖራሉ።

«አልሰማሁም። ሐኪም ቤት ናቸው?»

«ወጥተዋል። በእማዬ ቁልፍ ከፍተን አንቺ ቤት አምጥተናቸዋል።» ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም። «ያው የእማዬ አልጋ ባዶ ነው ብለን። አንቺም ደግሞ ልምዱ አለሽ። ከትናንት ጀምሮ ሠራተኛችንን ልኬያለሁ፤ ነገ ግን ለቤት ትፈለጋለች።»

ሸሪፋ ከኋላ ወንበር አፏን ከፈተች፤ የማዕዛን ፊት አየችና መልሳ ዘጋችው። ኢምፔሪያል ሲደርሱም አልወረደችም።

አራተኛ ፎቅ ሲደርሱ በሩ ክፍት ነው። እትዬ አልማዝ በእናቷ አልጋ ላይ በጀርባቸው ተኝተዋል። ማዕዛን ሲያዩ ሊነሡ ሞከሩና ሕመሙ መለሳቸው። «ልጄ፣ አልኳቸው እኮ» አሉ። «እሷ ገና ከልቅሶዋ አልወጣችም አልኳቸው።»

ማዕዛ ጎንበስ ብላ ሳመቻቸው። «እርስዎ ምን አደረጉ፣ እትዬ» አለች። ቀና ብላ ከቦርሳዋ የቤቱን ቁልፍ አወጣችና ወንድሟ እጅ ላይ አኖረችው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቤቱ ሰፊ ነው። እትዬ ይቀመጡበት። አንተም ዛሬ እዚህ ታድራለህ።»

«እኔ?» ሽፈራው ሊስቅ ፈለገ፤ ሳቁ አልመጣም። «ማዕዛ፣ እኔ እንዴት አድርጌ... ነገ ጠዋት ስብሰባ አለኝ። ደግሞ እኔ አልችልበትም።»

«እኔም አልችልበትም ነበር» አለች። «ጎናቸው እንዳይቆስል ታገላብጣቸዋለህ። የቀረውን ጠይቃቸው፤ አፍ አላቸው።»

ሻንጣዋን አንሥታ ወጣች። ደረጃውን ያዘች። እስከ ታች ድረስ ተመለሺ ተመለሺ የሚል ነገር ውስጧ እየጮኸ ነበር፤ እየጮኸ ወረደች። ሸሪፋ ክንዷን ይዛት በሚኒባስ ወደ ራሷ ቤት ወሰደቻት። የውስጠኛውን ክፍል መጋረጃ ዘጋችላት። ስልኩ ሲጮህ ሸሪፋ አንሥታ፣ «ተኝታለች» ትላለች። ሲደወል፣ «ተኝታለች»። ደግሞ ሲደወል፣ «አንተስ ወንድም አይደለህም እንዴ?» አለችና ዘጋችው።

ያን ሰሞን ሽፈራው ተሳደበ፣ ለመነ፣ ለዘመድ ከሰሳት። አንዳንዱ ዘመድ እውነትም አዘነባት፤ ባሕር አይታ መጥታ ልቧ አበጠ ያላትም አለ። በኋላ ሌላ መንገድ ሲያጣ የእትዬ አልማዝን ልጅ መሐሪን ከአዳማ ጠራው፤ ሴት አስታማሚ ቀጠሩ፤ ሌሊቱን ወንዶቹ ተከፋፈሉት። ማዕዛ ሸሪፋ ቤት እንደቆየች በሳምንት ሁለት ቀን እመጣለሁ አለች፤ ከዚያ በላይ አልጨመረችም።

መጀመሪያ የመጣች ቀን አስታማሚዋ እትዬ አልማዝን አጥባ ትራስ አስደግፋ አስቀምጣቸዋለች። ማዕዛ ወንበር ስባ ከጎናቸው ተቀመጠች። እትዬ አልማዝ ፊቷን ብዙ አዩት።

«ባሕሩ እንዴት ነበር?» አሉ።

እስካሁን ይህን የጠየቃት አልነበረም። ማዕዛ አሰበች።

«ሰፊ ነው፣ እትዬ። ያደክማል።»

እትዬ አልማዝ ሳቁ፤ ዳሌያቸውን አመማቸውና እየሳቁ ጨበጥ አደረጉት። «ኧረ አታስቂኝ» አሉ። ማዕዛም ሳቀች። ታች መንገዱ ላይ የሚኒባስ ረዳት «መገናኛ፣ መገናኛ» እያለ ይጣራል። ማዕዛ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ዓይኗ ተከደነ፤ እትዬ አልማዝም አልቀሰቀሷትም።