ሁሉም እጅ ያወጣበት ክፍለ ጊዜ

ጠዋት ዳቦውን ሳልቀምሰው እቆራርሰዋለሁ። ታላቅ እህቴ ሻዩን ወደ እኔ እየገፋች አፈጠጠችብኝ።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«እታለም፣ ዛሬ ሱፐርቫይዘሯ ክፍሌ ትገባለች።»

«ትግባ! ትበላሻለች እንዴ?»

ትበላኛለች እንጂ! እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀሚስ ቢበላሽባት ተርትራ እንደገና ትሰፋዋለች። የእኔ ግን የሙከራ ዓመቴ ሊያልቅ ነው። ሱፐርቫይዘሯ ባለፈው መጥታ ሳስተምር ካየችኝ በኋላ «አጥጋቢ አይደለም» ብላ ጽፋለች። ዛሬም ያንኑ ከጻፈች ከአስተማሪነት እሰናበታለሁ። እኔ ደግሞ በልጅነቴ ትራስ ደርድሬ ሳስተምር ያደግኩ ሰው ነኝ። ሌላ ሥራ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም።

ያን ዕለት ከክፍል ስንወጣ ብዙ ነገር ነግራኝ ነበር። «የምትጠይቂው ጥያቄ የተማሪዎቹን ሐሳብ አያወጣም። መረዳታቸውን ማረጋገጥ አለብሽ። ገባሽ?» አለችኝ። «አዎ፣ በሚገባ!» አልኳት። አንዱም አልገባኝም ነበር። አልገባኝም ብል ይህችንም መምህር ብለው ቀጠሯት ትላለች ብዬ ፈራሁ።

ዘዴውን የሰጡኝ የሳይንሱ መምህር ናቸው። ጡረታቸው የደረሰ፣ ስንቱን ሱፐርቫይዘር አስቀው የሸኙ ሰው ናቸው። ትናንት መምህራን ማረፊያ ውስጥ ጥግ ይዤ ሳለቅስ አገኙኝ።

«ለዚች ነው እንባሽን የምትጨርሺው? ስሚኝ ልጄ። ስትጠይቂ ሁሉም እጁን ያውጣ። ያወቀ ቀኙን፣ ያላወቀ ግራውን። አንቺ ቀኙን ያወጣውን ብቻ ትጠሪያለሽ። ለእሷ ክፍሉ በሙሉ ሊቅ በሊቅ ነው!»

«ጋሼ፣ ከታወቀብኝስ?»

«በእኔ ታውቆብኛል?» ብለው ሳቁ።

ትናንትናውኑ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን አለማመድኳቸው። ጨዋታ መስሏቸው ደስታቸው ለጉድ ነበር። እኔ ግን ፊት ለፊት ስቆም የእነሱ ቀኝ በእኔ ግራ በኩል መሆኑን እንደ ግጥም እየደጋገምኩ ስሸመድድ አመሸሁ።

ዛሬ ሱፐርቫይዘሯ ገብታ ከኋላ፣ መስታወቱ የረገፈው መስኮት ሥር ተቀመጠች። መነጽሯን ጠራረገች፣ ብዕሯን አወጣች። ጠመኔው በላቤ ራሰ። ትምህርቱ ክፍልፋይ ነበር፤ ሁለት ሳምንት የለፋሁበት። በየቀኑ መጨረሻ ላይ «ገባችሁ?» እላለሁ፤ «አዎ ቲቸር!» ብለው ጣሪያውን ያነሱታል፤ እኔም አምኜ ቤቴ እገባለሁ።

ሰሌዳው ላይ አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ ጻፍኩ።

«የትኛው ይበልጣል?»

ክፍሉ እጅ ብቻ ሆነ። አንድም የቀረ የለም። ከኋላ ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ሲሮጥ አየሁና ተመስገን አልኩ በልቤ። ወዲያው ግን ቀኝና ግራው ጠፋኝ። የእነሱ ቀኝ በየት በኩል ነበር? የሸመደድኩት ሁሉ ከጭንቅላቴ ብን አለ። ዝም ብዬ መቆም ደግሞ አልችልም። መሃል ላይ እጇን ከሁሉም አስረዝማ ያወጣችውን፣ በለፍላፊነቷ «ራዲዮ» የምንላትን ልጅ ጠቆምኩ።

ተነሳች።

«ቲቸር፣» አለች፤ ራዲዮ መቼም ማንሾካሾክ አታውቅም፣ «እኔ እኮ ግራዬን ነው ያወጣሁት!»

ክው አልኩ። ብዕሩ ቆመ። ሱፐርቫይዘሯ ቀና ብላ መጀመሪያ ራዲዮን፣ ቀጥላ እኔን አየች። አለቀልኝ። ልጆቹ አውርዱ ያላቸው ስለሌለ እጃቸውን እንዳወጡ ቀሩ። ከሱፐርቫይዘሯ ዓይን ለመሸሽ እጆቹን ማየት ጀመርኩ። ግራ። ግራ። ግራ። አንደኛ የሚወጣውም ልጅ ግራ። የእጅ ጽሑፏ የሚያስቀናው ልጅ፣ እሷም ግራ። በሩ አጠገብ አንድ ብቸኛ ቀኝ እጅ አለ።

ከፊተኛው የባሰ ፍርሃት መጣብኝ። ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ማንን ነበር የማስተምረው?

ያንን ቀኝ እጅ ብጠራው መልሱ ይመጣል። ራዲዮንም «አትቀልጂ፣ ቁጭ በይ» ብዬ ላልፋት እችላለሁ። አምሮኝም ነበር። ግን ወደ ራዲዮ ዞርኩ።

«ራዲዮ፣ ምኑ ነው ያልገባሽ?»

«አራት ከሦስት ይበልጣል አይደል? እዚህ ጋ ግን ያንሳል ይባላል። ለምን እንደሆነ እንጃ።»

«ጎሽ። ግራችሁን ያወጣችሁ ሁሉ፣ ጎሽ። ከመጀመሪያው እንጀምር።» ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ።

ለሱፐርቫይዘሯ ብዬ አሳምሬ የጻፍኩትን የትምህርት ዕቅድ አነሳሁና መሃል ለመሃል ቀደድኩት። አንዱን ግማሽ ሦስት ቦታ፣ ሌላውን አራት ቦታ አጠፍኩ።

«ይሄ ዳቦ ነው እንበል። ይሄኛውን ሦስት ልጆች፣ ያኛውን አራት ልጆች ሊካፈሉ ነው። ራዲዮ፣ ከየትኞቹ ጋ ትቀመጪያለሽ?»

«ከሦስቱ ጋ!» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ከየዴስኩ «ውይ!» ሲሉ ተሰማ። ብዙ እጅ ከግራ ወደ ቀኝ ተቀየረ። አንዳንዶቹ ግን ግራቸውን አላወረዱም፤ ወረቀቱን ይዤ ወደ እነሱ ሄድኩ። ደወሉ ሲደወል ገና እዚያው ነበርኩ።

ልጆቹ ተንጋግተው ወጡ። ሱፐርቫይዘሯ በሩን ዘጋችው።

«ይህን ዘዴ ማን ሰጠሽ?»

የጋሼ ጡረታ ታወሰኝ። «የራሴ ነው። ላታልልዎት ነበር።»

«አይቻለሁ።» ወረቀቷን አገላበጠች። «ባለፈው ከዚህ ስንወጣ የነገርኩሽ ነገር ገብቶሽ ነበር?»

አዎ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዕድሜ ልኬን የኖርኩበት ቃል ነው። ወረቀቷ ላይ የውጤቱ ቦታ ባዶ መሆኑ ይታየኛል። አልገባኝም ካልኩ በገዛ አፌ መሰናበቴ ነው ብዬ አሰብኩ። እጄ ግን ተነሳ። ግራው።

እጄን አየችው። ከዚያ መጥታ የልጆቹ ዴስክ ውስጥ፣ ራዲዮ ቦታ ላይ፣ ጉልበቷን አጥፋ እንደምንም ገባች። አጠገቧ ያለውን ቦታ በመዳፏ ጠረገችልኝ።

«ነይ፣ ቁጭ በይ። ከመጀመሪያው እንጀምር።»

«ውጤቴስ?» አልኳት።

«ገና አልጻፍኩም» አለችኝ፣ «እጅሽን አውርጂ።»