ለአባቴ ፈረስ እንዳትዋሱ

አባቴን የገደለው ብስክሌት አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወሬው ሬሳው ሳይቀበር መሐል ሜዳ ገበያ ስለ ደረሰ ነው። አባቴ የሞተው የበግ ጠጉር ባና ሲሠራ፣ ከሽመና ጉድጓዱ እንደ ተቀመጠ፣ ደረቱን በእጁ ይዞ ነው። ልቡ ቆመ። ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ነበር፤ ማንንም አልነካም።

ስሙ ወንዳፈራሁ ይባላል። በእኛ አገር ባና የሚሠራ ሞልቷል፤ ብስክሌት የሚነዳ ትልቅ ሰው ግን እሱ ብቻ ነበር። ከደብረ ብርሃን አሮጌ ብስክሌት ገዝቶ፣ አቀበቱን እየገፋ ቁልቁለቱን እየነዳ የመጣ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ «አበደ» አለ። ባናውን ከኋላ አስሮ ገበያ ሲወጣ ግን ዝም አሉ፤ ለሥራ ነው። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ በየሰኞው ከነስንቄ አፈናጦ መሐል ሜዳ ሲያደርሰኝ፣ ኋላም መንዳት ሲያስተምረኝ እያጉረመረሙ አለፉት፤ ለልጅ ነው። ወንድሜ በኃይሉ ትኩሳት ጥሎት ራሱን የሳተ ለት፣ በባና ከጀርባው አዝሎ በዝናብ እየነዳ ጤና ጣቢያ ሲያደርሰው እንዲያውም መረቁት። ይቅር ያላሉት እሑድን ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከእኛ ጋር እህል ይቀምስና ጋቢውን አውልቆ፣ የሱሪውን ጫፍ በገመድ ጠፍሮ በራቤል መንገድ ይወጣ ነበር። ምንም ሳይጭን ይሄዳል፣ ምንም ሳይዝ ይመለሳል። ፊቱ በንፋስ ተገርፎ፣ እየሳቀ። «ምን ልትሠራ ሄድክ?» ሲሉት «ልነዳ» ይላል። አገሩ ይህን አልቻለም። ዘመድ ልጠይቅ ቢል፣ ጠበል ልጠመቅ ቢል፣ ጠላ ልጠጣ ቢል እንኳ ይገባቸው ነበር። የልጆች አባት ለደስታው ብቻ ሲነዳ ግን ነውር ሆነ። እሱም አንድ ቀን እንኳ ሰበብ አልፈጠረላቸውም። እኔ ከሁሉ የምኮራው በዚህ ነው።

በእኛ ዘንድ አባወራ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ ከሬሳው ፊት ይሳባል። አስለቃሿ ፈረሱንና ጠመንጃውን እያነሣች ታስለቅሳለች። ፈረስ የሌለው ይዋሳል። በቀብሩ ማለዳ የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ወዳጆ አንድ ዳማ ፈረስ እየሳቡ ደጃችን ደረሱ። ፈረሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የማዶ ደብር ባለጠጋ ፈረስ ነው፤ በዚህ ዓመት ብቻ ለስንቱ ሟች ተለቅሶበታል። ጠመንጃውን ትተውታል፤ በዚህ ዘመን ጠመንጃ የሚያውስ የለም።

«ምንድን ነው ይሄ፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«የወንድሜ ክብር ነው።»

«አባቴ በዕድሜው ፈረስ ላይ ወጥቶ ያውቃል?»

«አያውቅም። እንግዲህ ቢያንስ እንደ ሰው ይቀበር።»

እንደ ሰው! ደሜ ፈላ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው። «ፈረሱን ለባለቤቱ ይመልሱ። ብስክሌቱ ይወጣል» አልኩ።

ጋሼ ወዳጆ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። «ስሚኝ ጽዮን። የእናትሽ ዘመዶች ከግሼ እየመጡ ነው። ወንድሜ ዕድሜ ልኩን ሲሳቅበት ኖረ፤ እኔም አብሬ ስሳቀቅ ኖርኩ። ዛሬም ቃሬዛው ላይ ይሳቁበት? የብረት አህያ እኮ ነው የሚሉት!»

«እሱ ሰምቷቸው አያውቅም። የሚሰሟቸው እርስዎ ነዎት።»

ክፉ ተናገርኩ፤ አልጸጸትም። እሳቸው ወደ እናቴ ዞሩ። «በዛወርቅ፣ ልጅሽን አስታግሺልኝ።»

እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከሬሳው አጠገብ እንደ ተቀመጠች ቀና እንኳ አላለችም። ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጠሩትና ፈረሱን ይዘው ወጡ። ያን ጊዜ ከእሳቸው ይልቅ በእሷ ተናደድኩ።

ለቅሶው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ሜዳ ላይ ሆነ። ቃሬዛው ወረደ፣ ፈረሱ ተሳበ፣ አስለቃሿ እትዬ አማከለች እጃቸውን ዘርግተው ጀመሩ፦

«ዳማው ተጭኖልህ ቆሟል በደጃፉ፣
ተነሥ ወንዳፈራሁ ጠላቶች ሳያልፉ።»

ሕዝቡ «ዋይ! ዋይ!» አለ። እኔ ከሙሾው ውስጥ አባቴን ፈለግኩት፤ አጣሁት። ፈረስ አለ፣ ጠላት አለ፣ በር የሚጠብቅ ጀግና አለ፤ ባና ሠርቶ አራት ልጅ ያሳደገው፣ ንፋስ ሲመታው የሚስቀው ሰውዬ የለም። ሌላ ሰው እየቀበርን ነው ብዬ ፈራሁ። ሞቱን እንደ ምንም እችለው ይሆናል፤ ልጆቼ ነገ ስለ አያታቸው ሲጠይቁ አገሩ ሁሉ ያንን ባለ ዳማ ሰውዬ እንዲነግራቸው ግን አልፈቅድም።

ሮጬ ቤት ገባሁ። ብስክሌቱን እየነዳሁ ስመለስ ሰዉ መንገድ ለቀቀ። «ኧረ በማርያም!» ያለችም አለች፣ የሳቀም አለ። ፈረሱ በርግጎ ጋሼ ወዳጆን እየጎተተ ገለል አለልኝ። ከላዩ ሳልወርድ ከቃሬዛው ፊት አቆምኩት።

«እትዬ አማከለች» አልኩ፣ «አባቴ ጠላት አልነበረውም። ፈረስም አልነበረውም። ያለው ይሄ ነው። በዚህ ያስለቅሱለት። እምቢ ካሉ እኔው አስለቅሳለሁ፤ ድምፄ ደግሞ የቁራ ነው።»

አስለቃሽን ከሙሾ መካከል ማቋረጥ በእኛ አገር ያልተሰማ ድፍረት ነው። እትዬ አማከለች ብስክሌቱን ከመሪው እስከ ጎማው አዩት። በፈረስ፣ በበቅሎ፣ በበሬ ሳይቀር አስለቅሰዋል፤ በብስክሌት የሚሆን ግጥም ግን ከእናታቸው አልወረሱም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዓይናቸውን ጨፈኑና፦

«ከብረት ላይ ወጥቶ አገር ያዳረሰ፣
በሁለት ጎማ ላይ አምስት ነፍስ ያጎረሰ!»

«ዋይ!» የሚለው ድምፅ መጀመሪያ ከወደ ኋላ፣ ባናውን ገዝተው ከሚለብሱት ዘንድ ተነሣ። ከዚያ በኃይሉ ጮኸ። ከዚያ ሜዳው ሁሉ። እኔም አባቴ ከሞተ ወዲህ ገና ያን ጊዜ እንባዬ ወረደ፤ የሚለቀስለት እሱ ነበራ።

ጋሼ ወዳጆ ግን ልጓሙን አልለቀቁም። «ይሁን፣ ለለቅሶው ተለቀሰበት። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲገባ ግን የሚቀድመው ፈረሱ ነው» አሉ። «በዛወርቅ፣ ባለቤቱ አንቺ ነሽ። አንቺ ፍረጂ። ሰው እያየን ነው!»

እናቴ ተነሣች። ዓይኗ አብጧል፤ የደገፏትን ሴቶች ግን እጃቸውን አስለቅቃ ወደ እኔ መጣች። እናቴ ብስክሌቱ ከተገዛ ወዲህ ገበያ የምትሄደው ከአባቴ ኋላ ተፈናጣ ነው። ነገር ግን ከተማው ከመታየቱ በፊት ካለው መታጠፊያ ላይ ሁልጊዜ ትወርዳለች። ሰው እንዳያያት። የቀረውን በእግሯ ትገባለች፤ እሱም ብስክሌቱን እየገፋ በእግሩ አብሯት ይገባል። ለምን ትወርጃለሽ ብሏት አያውቅም።

አሁን ቀሚሷን ሰበሰበችና፣ በሕዝቡ ሁሉ ፊት፣ ከኋላዬ በጎን ተቀመጠች። ወገቤን ያዘችኝ።

ደነገጥኩ። እኔ፣ ያን ሁሉ የተናገርኩት ሴትዮ፣ «እማ፣ ሰው እኮ እያየ ነው» አልኳት።

«ይየን!» አለች፣ ጮክ ብላ። «እሱ እያለ ነበር ሰው ሊያየኝ የሚገባው። ንጂ!»

ፔዳሉን ረገጥኩ።