የማሰሮው እርሾ

አለቃዬ ሌባ ነው። ረጋ ብዬ ልናገር ብዬ ነበር፤ አንጀቴ እያረረ እንዴት ብዬ! በእናቴ እርጎ ውስጥ ያገኘኋትን እርሾ፣ የጨጓራን አሲድ ችላ በሕይወት አንጀት የምትደርሰውን፣ ዓይኔ እስኪፈዝ በማይክሮስኮፕ ያጠናኋትን፣ በራሱ ስም አውጆ ተሸለመባት። እናቴ "ልጄ" እያለች ያንኑ እርጎ በብርጭቆ ላይ ብርጭቆ ስትቀዳለት የኖረ ሰው ነው!

ታዲያ የእጁን አገኘ። ሰሞኑን ላቦራቶሪ ውስጥ በችኮላ የእርሾዋን ቱቦዎች በሙሉ ከሚጣሉት ጋር ቀላቅሎ በእንፋሎት ጀርም የሚገድለው ማምከኛ ማሽን ውስጥ ከተታቸው። ተቀቀሉ። ነገ ደግሞ እርሾዋን በሕይወት እንያት የሚሉ እንግዶች ይመጡበታል። እኔ ጮቤ ረገጥኩ። አሁን እርሾዋ በሕይወት የቀረችው በእናቴ ማሰሮ ውስጥ ብቻ ነው። እናቴ ማሰሮዋን አሟጣ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ጥቂት እርጎ ከሥር ትታ አዲስ ወተት ትጨምርበታለች። ከእሱ ቀድሜ ወስጄ፣ እርሾዋ ከማን ቤት እንደወጣች እንግዶቹ ፊት ላሳየው ነው።

ከሥራ እንደወጣሁ በረርኩ። እሱ ግን ቀድሞኛል። ክዳን ያለው ብርጭቆ ታቅፎ ከበሩ ሲወጣ ተገጣጠምን።

"እማማ እንደ ሁልጊዜው ደግ ናቸው" አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

እየጮህኩ ገባሁ። "እማዬ! ምን ሰጠሽው?"

"ቀስ በይ እንጂ" አለች እጇን እያደራረቀች። "ወተት በሎሚ አርግቼ ሰጠሁት። ሕይወት የሌለው ነገር ነው። ይሂድና የነገርሽኝ እንግዶች ፊት ይፈር።"

አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። "አበጀሽ! የኔ አንበሳ! ማሰሮውንስ የት ደበቅሽው?"

"መደበቅ ምን ያደርጋል? በፈላ ውሃ ቀቅዬ፣ በሳሙና ፈግፍጌ አጠብኩት። ነገ ሌላ ሰው ቢልክብኝስ? ሁለተኛ በኛ እርሾ አይከብርም!"

"ሁሉንም ደፋሽው?"

"ጠብታ አላስተረፍኩም።"

ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። ከእናቷ ተቀብላ ዕድሜ ልኳን ስታኖረው የነበረውን ነው ለእኔ ብላ የደፋችው።

"ምነው? ደስ አላለሽም?" አለችኝ፣ ፊቷ በርቶ።

"ብሎኛል፣ እማዬ" አልኳት። ነገ እሱ ይዋረዳል፤ እኔ ደግሞ ማስረጃዬ ከማሰሮው ጋር ታጥቧልና፣ እርሾዋ የኔ ነበረች ብል የሚያምነኝ የለም።