የኡሙሀኒ ኪኒን

ዘርአ ዳዊት የኡሙሀኒን ግራ ጎን ከጎድን አጥንቷ ሥር ጫን ብሎ ሲዳስስ ያበጠው ጣፊያዋ እጁን ገፋው። የወባ ንዳዱ ቀን እየዘለለ ሲጥላት ይህ ሦስተኛው ነው። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

ጣሊያን ከመግባቱ በፊት አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ስድስት ዓመት በድሬሰርነት፣ በሐኪም ረዳትነት ሠርቷል። አሁን አሊዩ አምባ ተሸሽጎ የአርበኞችን ቁስል ያክማል። የሚያማክረው ሐኪም ቢፈልግ ያለው ደብረ ብርሃን፣ ጣሊያኖቹ ሰፈር ነው፤ እዚያ መሄድ ደግሞ አንገትን ለገመድ መስጠት ነበር።

«የንዳዱ መድኃኒት ኪኒን አለዎት አይደል?» አለ ባሏ አብዱልጀሊል፣ የጨው ነጋዴው።

«አለኝ። ግን ኪኒን ምጥ ያመጣል ይባላል። ሕፃኑን ልናጣ እንችላለን።»

«ባይሰጧትስ?»

«ንዳዱም ያስወርዳል። እሷንም ሊወስዳት ይችላል።»

ኡሙሀኒ ዓይኗን ገለጠች። ከዚህ በፊት ሁለት ፅንስ ወርዶባታል። «የትኛው ይብሳል?» አለች።

ሆስፒታል ሳለ አለቃው እንዲህ ሲጠየቁ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው አንዱን ቆርጠው ይናገሩ ነበር። ዘርአ ዳዊትም እንደሳቸው ሊያደርግ አሰበና ተወው።

«ለልጁ የትኛው እንደሚብስ አላውቅም፣ እህቴ። ላንቺ ግን ንዳዱ ይብሳል።»

እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። «እንግዲያስ ይስጡኝ። የቀረውን አላህ ያውቃል።»

ኪኒኑን ከፋፍሎ ጧት፣ ቀትርና ማታ ሰጣት። በእንጨት ማዳመጫው የፅንሱን ልብ እያዳመጠ አጠገቧ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ንዳዱ ለቀቃት። በአምስተኛው ጧት ምጥ መጣ፤ ሕፃኑ ትንፋሽ አልነበረውም።

ከሕፃኑ ቀብር ሲመለሱ የአርበኞቹ መልእክተኛ የዘርአ ዳዊትን ዕቃ በቅሎ ላይ ጭኖ ይጠብቅ ነበር። ጣሊያኖች እሱን ፍለጋ እየወረዱ ነው ተብሏል። አብዱልጀሊል ዘርአ ዳዊትን ደጃፉ ላይ አስቆመው።

«ልጄን የገደለው ንዳዱ ነው ወይስ ኪኒኑ?»

ንዳዱ ነው ቢል ማንም አይጠራጠረውም ነበር።

«ለይቼ ማወቅ አልቻልኩም። ኪኒኑም ሊሆን ይችላል።»

የአብዱልጀሊል ዓይን ቀላ።

«የወንድሜ ሚስት ሰሊሃ ከትናንት ጀምሮ ትንቀጠቀጣለች» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እሷም እርጉዝ ናት። ይምጡና ይዩልኝ። ለእሷም እንዲሁ ሳይደብቁ ይንገሯት።»

«ጊዜ የለንም» አለ መልእክተኛው።

«አምስት ቀን ቆይተህ ተመለስ» አለው ዘርአ ዳዊት፤ የመድኃኒት ሣጥኑንም ከበቅሎዋ ፈትቶ አወረደ።