ሁለተኛ ፊት

ሚጡ ወንድሟ ቤት የገባችው ልትማር ነበር። ስድስት ዓመት ዳቦ ቤት ሊጥ ስታቦካ ኖራ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላት፣ የከባድ መኪና ሾፌር የሆነው ታላቅ ወንድሟ «ነይ እኔ ጋ ተቀመጪ» አላት። «ኮሌጁ እቤት ድረስ በኢንተርኔት ነው የሚያስተምረው። ሚስቴም ተመዝግባለች፤ አብራችሁ ትማራላችሁ።» ላፕቶፕ ገዝቶ «የጋራችሁ ነው» ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና በማግስቱ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ሥራው እንዲያ ነው፤ ሦስት ሳምንት መንገድ፣ ሦስት ቀን ቤት።

የወንድሟ ሚስት ለትምህርቱ ብላ ያለ ደመወዝ ፈቃድ የወሰደች ጸሐፊ ናት። ሚጡ «እትዬ» ትላታለች። የሦስት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት።

በመጀመሪያው ሳምንት እትዬ የጊዜ ሰሌዳ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈች። «ከቤት የሚማር ሰው ሚዛኑን ካልጠበቀ ያብዳል» አለች። ጠዋት የእግር ጉዞ፣ ከዚያ ጥናት፣ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ፣ ከእንቅልፍ በኋላ ክለሳ። ሁሉም የእሷ ነው። ሚጡ ላፕቶፑን የምታገኘው ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ብቻ ሆነ፤ ልጅቷ የምትታጠብበትና ራት የሚሠራበት ሰዓት።

«እትዬ፣ በዚህ ሰዓት እኮ የልጅቷን ገላ የማጥበው እኔ ነኝ።»

«በአንድ እጅሽ እጠቢ፣ በአንድ እጅሽ ጻፊ! ስድስት ዓመት ሊጥ ያቦካሽ ልጅ ክንድ የለኝም ልትይኝ ነው?»

እትዬ ሳቀች። ሚጡም አብራት ሳቀች፤ ያኔ ቀልድ መስሏት ነበር።

እትዬ ስትተኛ ላፕቶፑን በይለፍ ቃል ትቆልፈዋለች። «ማሽኑም ይረፍ» ትላለች። ስለዚህ ሚጡ አንድ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ሽንኩርት እየከተፈች ትምህርቱን በስልኳ ትከታተላለች፤ የቤት ሥራዋን በእጇ ጽፋ ፎቶ አንስታ ትልካለች። «ጽሑፉ አይነበብም» እየተባለች ነጥብ ይቀነስባታል። አንድ ምዕራፍ ስትጨርስ ግን ልጅቷን ብድግ አድርጋ «አለቀ!» ትላታለች፤ ልጅቷም ምኑ እንዳለቀ ሳታውቅ ታጨበጭብላታለች። ሚጡን ደግፎ ያቆማት ይኸው ጭብጨባ ነበር። የሴሚስተሩ አጋማሽ ውጤት ሲመጣ እትዬን በለጠቻት። እትዬ ውጤቱን አየች። በማግስቱ ያቺን አንዷን ሰዓትም ወሰደቻት።

በማጠቃለያው ፈተና ዋዜማ ልጅቷን ሲያተኩሳት አደረ። የእትዬ ፈተና ጠዋት ነበር፤ የሚጡ ስምንት ሰዓት ላይ። እትዬ ጨርሳ ላፕቶፑን ሳትቆልፈው ተነሳችና ጫማዋን አጠለቀች።

«እትዬ፣ ልጅቷ እሳት ሆናለች። ዛሬ እንኳ አትውጪ።»

«ከፈተና በኋላ አየር ካልወሰድኩ ራሴ ይፈነዳል። ከስምንት በፊት እመጣለሁ አልኩሽ እኮ!»

ስልኳን ቻርጀር ላይ ትታው ወጣች። ስምንት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሚጡ ጎረቤት አንኳኳች፤ የሚከፍት አልነበረም። ልጅቷን መድኃኒት አጠጥታ አስተኛቻትና ተፈታኙን በሚቆጣጠረው የላፕቶፑ ካሜራ ፊት ተቀመጠች። አርባ ደቂቃ ያህል እንደሠራች ልጅቷ እያለቀሰች መጥታ ጭኗ ላይ ወጣች። አወረደቻት። ልጅቷ የራሷ ቀሚስ ላይ አስመለሰችና እንደገና ጭኗ ላይ ወጣች። ሚጡ በአንድ ክንዷ እቅፍ አድርጋት በሌላው መጻፍ ቀጠለች። ስክሪኑ ቀላ። «ሁለተኛ ፊት ታይቷል። ፈተናው ተቋርጧል።»

እትዬ አሥር ሰዓት ላይ ፀጉሯን ተሠርታ ገባች።

በሳምንቱ ሦስት መምህራን ጉዳዩን ሊሰሙ በቪዲዮ ተሰበሰቡ። ወንድሟም ከመንገድ ተመልሶ ነበርና ልጁን ታቅፎ አጠገባቸው ተቀመጠ። ሰብሳቢዋ ክፉ ሴት አልነበረችም። «የሦስት ዓመት ልጅ መልስ አትነግርም» አለች። «ግን ደንብ ነው። ሌላ የሚይዛት ሰው አለመኖሩን ከቤተሰብ አንድ ሰው ካረጋገጠልን ፈተናውን እንደገና እንሰጣታለን።»

ሁሉም እትዬን አዩዋት። እትዬ ደግሞ ባሏን አየችው። በፈተናው ቀን ማታ ስልክ ሲደውል «ከልጄ አጠገብ ንቅንቅ አላልኩም» ብላው ነበር።

«እኔ ቤት ነበርኩ» አለች። «ልጄን ስጪኝ ስላት እምቢ አለችኝ። ፈተናው ሲከብዳት እንዲያዝኑላት ፈልጋ ይሆናል እንጃ።»

ማረጋገጫ ስላልተገኘ ሚጡ አንድ ዓመት ታገደች።

ስክሪኑ እንደጠፋ ልጅቷ ከአባቷ ጭን ላይ ቀና ብላ «እማዬ የለችም ነበር» አለች። «ፀጉር ልትሠራ ሄደች። እኔ አስመለሰኝ።»

እትዬ ተነስታ ወደ ኩሽና ገባች። የሳህን ድምፅ ተሰማ፤ ስንት ወር ሳህን ነክታ አታውቅም።

«ሰማህ ወንድምጋሼ?» አለች ሚጡ።

«ሰማሁ።»

«እንግዲያው አሁኑኑ ደውለህ ንገራቸው።»

የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ አገላበጠ። «ምን ላድርግ? በሰው ፊት ውሸታም ላስብላት? የልጄ እናት ናት። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ ዓመት ምን አላት? ሳታውቂው ታልፋለች።»

«እኔስ ምንህ ነኝ?»

«እህቴ ነሽ። ለዚህ እኮ ነው አንቺን ተይው የምልሽ። አሁን ኩርፊያሽን ተይና ልጅቷን አስተኚልኝ፣ እናቷ የምታጠናው አለ።»

ሚጡ ልጅቷን አስተኛቻት። ከዚያ ልብሶቿን በአንድ ፌስታል ከትታ ወጣች። ወንድሟ በር ድረስ ሸኛት እንጂ አላስቀራትም። የዳቦ ቤቱ ባለቤት «ምሁሯ መጣች!» ብሎ ሠራተኞቹን አሳቀባትና ሽርጥ ወረወረላት።

ኮሌጁ በሚቀጥለው ሴሚስተር ከቤት እየተማሩ ሳይሰላቹ ስለመዝለቅ ለአዳዲስ ተማሪዎች እንድትናገር የመረጠው እትዬን ነው። ሚጡ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጣ በስልኳ አየቻት። «ልጅ እያሳደግኩ፣ ቤቴን እየመራሁ፣ ብቻዬን» አለች እትዬ። ሚጡ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እትዬ ደወለች። ሰላምታ አላስቀደመችም። «ልጅቷ አልተኛም ብላ ነፍሴን አወጣችው! ምን እያደረግሽ ነበር የምታስተኛት?»

ከጀርባዋ ልጅቷ «ሚጡዬ! ሚጡዬ!» እያለች ትጮሃለች። ለቅሶዋ ሲረዝም የሚመጣው ሳል ጀምሯታል። ሚጡ ምን እንደሚያስተኛት ታውቃለች፤ ጀርባዋን ወደ ላይ እየዳበሱ ጆሮዋ ሥር ቀስ ብሎ መቁጠር ነው።

«አላስታውስም» አለች።

ልጅቷ ድምፅዋን ሰምታ ኖሮ ይበልጥ ጮኸች። ሚጡ ስልኩን ዘጋችው። እጇን ታጥባ ወደ ሊጡ ተመለሰች።