የወቅቱ የመጀመሪያዋ ትራውት

ነሪስ የዓሣ ማጥመጃ ክሩን ወደ ኋላ ስትወረውረው መንጠቆው ሄዶ ዛፍ ላይ ተሰካ። ዛሬ ከውሃው ይልቅ ዛፉ ነው ብዙ መንጠቆ የቀመሰው።

«ዛፍ ላይ የሚኖር ትራውት ዓሣ እስካሁን አይቼ አላውቅም» አለ ጌሬይንት፣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ ከዳገቱ እየወረደ።

«ቀልዱን ተወውና ፍታልኝ።»

ጌሬይንት የመንደሩ ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ወፍ ጠባቂ ነው። ዓሣ በል ዳክዬዎቹን ተኩሶ እንዲያባርር፣ ጥቂቱን ደግሞ እንዲገድል ፈቃድ አለው። ቅርንጫፉን ጎትቶ መንጠቆውን ነቀለላት።

«ኢድዋል እንዴት አደረ?»

«በጠዋት ተነስቶ ትራውቴ የታለች ይለኛል። ከመስኮቱ ሥር ቢጫ አበቦቹን አይቶ የማጥመጃው ወቅት መከፈቱን አወቀ። የልጁን ስም ረስቶ ይቺን አይረሳም!»

በየዓመቱ መጋቢት ሲገባ፣ ማጥመድ በተፈቀደበት በመጀመሪያው ቀን ባሏ ኢድዋል አንዲት ትራውት ይዞ ይመጣና በአሳማ ሥጋ ስብ ጠብሶ ከነሪስ ጋር ለሁለት ይካፈላት ነበር። ከጋብቻቸው ጀምሮ እንዲህ ነበር። በኋላ ግን ራሱ ከለከለው። ወፎቹ ወንዙን ባዶ ሊያስቀሩት በደረሱበት ክረምት፣ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ጠረጴዛውን በቡጢ እየመታ «እነሱ የበሉት ይበቃል፣ እኛ ጨምረን አንብላ! የተያዘ ሁሉ ይለቀቅ!» አለና ሕጉን አስወሰነ። ጌሬይንት ተቃውሞ ነበር። ነሪስ ደግሞ ጥግ ላይ ሻይ እየቀዳች በባሏ ኮርታ ነበር። ዓመት ሳይሞላው መርሳት ጀመረ፤ አሁን ሕጉን ያወጣው እሱ መሆኑን እንኳ አያውቅም።

«መጡልሽ» አለ ጌሬይንት።

ከወንዙ መታጠፊያ ዳክዬዎቹ ብቅ አሉ። ወንዱ ነጭ ነው፣ ሴቶቹ ቀይ ቡናማ ራስ አላቸው። ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ አንገታቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው፣ ትንንሾቹን ዓሦች ጥልቀት ወደሌለው ዳር እየነዱ ይመጣሉ። ጌሬይንት ወደ ሰማይ ተኮሰ። ወፎቹ ተነሱና ከመታጠፊያው ማዶ ተመልሰው አረፉ።

«ግደላቸዋ!»

«የተፈቀደልኝን ጨርሻለሁ። አሁን እኔ ወደ ላይ ሳባርራቸው እነሱ ወደ ታች፣ ስንሯሯጥ እንውላለን። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ሁሉንም ነገር በወፍ ማላከክ ደስ አይለኝም። ከእርሻው ወደ ወንዙ የሚወርደው ቆሻሻስ?»

ነሪስ ወደ ውሃው ዞራ ክሩን ወረወረች። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ትንሽ ሞቅ ስትል ቡናማ ዝንቦች ከውሃው ወጡ። ድሮ በዚህ ሰዓት ዶፍ እንደ ወረደበት ሁሉ ውሃው በትራውት አፍ ይታመስ ነበር። ዛሬ ዝንቦቹ ሳይነኩ በሰላም ተንሳፍፈው አለፉ። ነሪስን ኢድዋል አጠገቧ ቆሞ «በክንድሽ ወርውሪ እንጂ በትከሻሽ አይደለም! ስንቴ ልንገርሽ?» ሲላት ናፈቃት። ያን ጊዜ ንዝንዙ ያናድዳት ነበር። አሁን ምንም ብታደርግለት «አመሰግናለሁ» ብቻ ነው የሚላት፤ ሆቴል ቤት አስተናጋጅ የምታስተናግደው ይመስል። አጠገቧ ተኝቶ ሳለ ነው እንዲህ የሚናፍቃት።

ከትልቁ ድንጋይ ሥር ውሃው ትንሽ ክብ ሠራ። ነሪስ በክንዷ ወረወረች። ክሩ ተወጠረ፣ ዘንጉ ጎበጠ።

«ቀስ! ቀስ በያት! አትጎትቻት!» ጌሬይንት ጠመንጃውን ጥሎ መረቡን ይዞ እስከ ጉልበቱ ገባ።

የወጣችው ትራውት ረጅምና ከሲታ ነበረች። ጎኗ ላይ የዳነ ጠባሳ አለ፤ መጋዝ የመሰለ የዳክዬ ምንቃር የቧጠጣት ነው።

«ከእነዚያ አፍ አምልጣ ነው እኮ እዚህ የደረሰችው!» አለ ጌሬይንት። ድምፁ ተለወጠ። «በይ፣ ውሃው ውስጥ እንዳለች መንጠቆውን ልንቀልላትና ትሂድ።»

ነሪስ መረቡን ያዘችበት።

«ብወስዳት ለማኅበሩ ትናገርብኛለህ?»

ጌሬይንት አያት። «እኔ የወፍ ጠባቂ እንጂ የሰው ጠባቂ አይደለሁም። ግን ኢድዋል ደህና ቢሆን ኖሮ፣ ይህንን ስታስቢ ቢያይሽ፣ ሁለታችንንም ወንዙ ውስጥ ይከተን ነበር።»

«እሱኑ እኮ ነው የፈለግሁት» አለች።

«ምኑን?»

«ሲቆጣ ማየቱን።»

ጌሬይንት ከውሃው ወጥቶ ጠመንጃውን አነሳና ፊቱን ወደ መታጠፊያው አዞረ። ነሪስ ትራውቷን በድንጋይ መታቻት። አፈረች። ከወፎቹ የተረፈችውን እሷ ጨረሰቻት።

ቤት ስትደርስ ኢድዋልን ስትጠብቅላት የዋለችው ጎረቤቷ መጥበሻውን ምድጃው ላይ አስቀምጣ፣ የአሳማ ሥጋውን ቆራርጣ ጠበቀቻት። «ሲጠይቅ ነው የዋለው» አለቻትና ኮቷን ደርባ ወጣች። ነሪስ ክብሪቱን አነሳች። ጠብሳ ብታቀርብለት ደስ ብሎት ይበላል፣ «አመሰግናለሁ» ይላታል፣ ከዚያም ይተኛል። እሱ የጠየቀውም ይህንኑ ነው።

ክብሪቱን መልሳ አስቀመጠችው። ጥሬዋን ትራውት ሳህን ላይ አድርጋ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባችና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት።

«ኢድዋል» አለች ዓይን ዓይኑን እያየች፣ «ሕግህን ጥሼ መጣሁ።»