ሪሞቱ ቦንጋ ቀረ

እኔ ተሰማ ቁልፍ የማይገባበት መኪና አልወድም። ቁልፍ የሚጨበጥ ብረት ነው፤ ያስገቡታል፣ ያዞሩታል፣ መኪናው ይነሳል፣ አለቀ። ይህን ስል የሰፈሬ ሰዎች «ጋሽ ተሰማ፣ ዘመኑን ይምሰሉ እንጂ!» ይሉኛል። ዘመኑን ለመምሰል ብዬ ሺሺንዳ ላይ ያየሁትን አበሳ እኔ ነኝ የማውቀው።

ነገሩ የወንድማገኝ ነው። ወንድማገኝ ከጎጃም ተመድቦ ቦንጋ የመጣ የሂሳብ መምህር ነው። ግቢዬ ውስጥ ያለችውን አንድ ክፍል ተከራይቶ ሲገባ ጢሙ እንኳ በቅጡ አልበቀለም ነበር። እናት አባቱ አርፈዋል። ባለቤቴ ታማ የተኛች ጊዜ ሆስፒታል ሲያስታምም ያደረው እሱ ነው፤ የወለድኳቸው ልጆች አዲስ አበባ ሆነው ስልክ ይደውሉ ነበር። አንድ ቀን አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ ሽማግሌ ይሁኑኝ፤ ከእርስዎ ሌላ ሰው የለኝም» ሲለኝ ደስታዬን መደበቂያ ባጣ ተቆጣሁት። «እስከ ዛሬ ምን ስትሠራ ነበር?» አልኩት።

ልጅቷ ህይወት ትባላለች። ቦንጋ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች፤ ወላጆቿ ያሉት ግን ሺሺንዳ ነው። አባቷ አቶ ጣሰው የማርና የቡና ነጋዴ ነው፤ ትንሽ ይናገራል፣ የተናገረውን አይመልስም።

ሽምግልናውን የያዝነው ሦስት ነን፤ እኔ፣ አምባውና ማሙሽ። አምባው ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት ላንድክሩዘር ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ነው። ማሙሽ ደግሞ ከስልሳ ያለፈ የጸሎት ሰው ነው፤ እሱ ሲያረጅ ስሙ አብሮት ማደግ ረሳ እንጂ። መጀመሪያ የሄድን ዕለት አቶ ጣሰው በክብር ተቀበለን፤ በርጩማ አስወጥቶ «ተቀመጡ» አለን። እኔም ደንቡን ጠብቄ «ልጅዎን ሰጠኋችሁ ሳይሉን አንቀመጥም» አልኩ። ተመካክረን እንነግራችኋለን ብሎ ሸኘን። ሁለተኛ ስንሄድ ግን በርጩማም አልወጣ፣ «ተቀመጡ» የሚል ቃልም ከአፉ አልወጣ። ያን ጊዜ ገባኝ። ይህ ሰው «ተቀመጡ» ያለን ቀን ልጁን ሰጠ ማለት ነው። እስከዚያ ቆመን ነው የምንቀረው። በገዛ አፌ ጉልበቴን ፈረድኩበት።

ለሦስተኛው ጉዞ ሰላሐዲን የሚባል የወንድማገኝ ባልደረባ መኪናውን አዋሰን። እሱ ራሱ ለሥልጠና ጅማ ነበር። መኪናዋ ጃፓን አገር አገልግላ የመጣች ትንሽዬ ቪትዝ ናት። ሪሞቷ ኪስዎ ውስጥ ካለ በሯ ይከፈትልዎታል፤ ፍሬን ረግጠው ክቡን ማስነሻ ሲጫኑት ትነሳለች። ቁልፍ የሚባል ነገር የላትም።

ወንድማገኝ እንቅልፍ ሳይወስደው አድሮ በጠዋት መኪናዋን አጠበ፤ አስነስቶም አሞቃት። ሪሞቱን ጃኬቱ ኪስ ከተተው። እኛ ስንደርስ ሞተሩ እየሠራ ነበር። አምባው የሚሠራ ሞተር አይቶ ቁልፍ የሚጠይቅ ሰው አይደለም፤ ገብቶ መሪውን ያዘ። ልጁ አብሮን አይሄድም። ሽማግሌ የላከ ሰው መልሱ እስኪመጣ የልጅቷን ደጅ አይረግጥም፤ እቤቱ ሆኖ ይጨነቃል እንጂ። የግቢውን በር ከፍቶ ሸኘን።

ከግቢ እንደወጣን መኪናዋ ጲጵ ጲጵ ማለት ጀመረች። ቀጥላ በሴት ድምፅ በጃፓንኛ አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?» አለ አምባው።

«መልካም መንገድ እያለችን ነዋ» አለ ማሙሽ።

«አሜን» አልናት። ምስኪን፣ ለካስ ሪሞቱ ቀረ ነበር የምትለው።

ውሽውሽን አልፈን፣ ከዝናብ ወደ ዝናብ እየገባን ሺሺንዳ ደረስን። አቶ ጣሰው ደጅ ስንቆም ሰማዩ ለአፍታ ጋብ አለ፤ እኔ ጋቢዬን፣ ማሙሽ ዣንጥላውን መኪናው ውስጥ ትተን ወረድን። አምባው ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ የላንድክሩዘር ልማዱን አደረገ፤ የበሩን መቆለፊያ ከውስጥ ተጭኖ፣ እጀታውን ሽቅብ እንደያዘ ዘጋው። ሌሎቹንም እየዞረ እንዲሁ። ሲጨርስ እየሳበ ሞከራቸው። አንዱም ንቅንቅ አላለም። «ሌባ አይከፍታትም» አለን ረክቶ።

አቶ ጣሰው በረንዳው ላይ ቆሞ ተቀበለን። ሚስቱ በዛወርቅ አጠገቡ ናት። ህይወት የለችም፤ የጓዳው መጋረጃ ግን ያለ ነፋስ ይነቃነቅ ነበር። የመጣንበትን ተናገርኩ። ልጁን እንደማውቀው፣ እንደ ልጄ እንደማየው ተናገርኩ። አቶ ጣሰው እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ጋሽ ተሰማ፣ ልጁን ጠልቼው አይደለም» አለ። «ታላቅ እህቷን፣ ኤሊን፣ ለመንግሥት ሠራተኛ ዳርኳት። ዝውውር አገኘ፤ በዓል በዓል እንመጣለን ብለው ሄዱ። የልጅ ልጄን የማውቃት በስልክ ነው። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ሄደ፣ ቀረ፣ ይኸው ነው። ይኸኛውም ነገ ዝውውር ይመጣለታል። እኔ ከዚህ የሄደ ሰው ሲመለስ አላየሁም። እንግዲህ ቁርጡን ልንገራችሁ፤ አይሆንም።»

በዛወርቅ በካፊኖኖ፣ በአገሯ ቋንቋ፣ ቀስ ብላ አንድ ነገር አለችው። ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። መጋረጃው ቀጥ አለ።

እጅ ነስተን ወጣን። ለወንድማገኝ እንዴት አድርጌ እንደምነግረው እያሰብኩ ከፊት ቀደምኩ።

መኪናዋ ጋ ደረስን። አምባው እጀታውን ሳበው፤ እምቢ። ሌላውን ሳበው፤ እምቢ። ኪሶቹን ሁሉ ዳበሰ፤ ምን እንደሚፈልግ ራሱም አላወቀ። ዝናቡ ደግሞ እኛን ጠብቆ ይሁን እንጃ፣ ተንደርድሮ መጣ። ሰላሐዲን ጋ ደወልኩ።

«ሪሞቱን ማን ይዞታል ጋሼ?»

«የምን ሪሞት?»

«ጋሼ፣ ሪሞቱ ሳይኖር እንዴት ሺሺንዳ ደረሳችሁ?»

«በእግዚአብሔር ፈቃድ!» ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። አንዴ ከተነሳች ሪሞቱ ባይኖርም ትሄዳለች፤ ከጠፋች ግን ያለ እሱ አትነሳም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው፤ መኪናችን ሺሺንዳ፣ ሪሞታችን ቦንጋ።

ወንድማገኝ ጋ ስደውል ገና አንዴ ሳይጠራ አነሳው።

«ምን አሉ ጋሼ?»

ጥያቄውን ዘለልኩት። «ሪሞቱ አንተ ጋ ነው» አልኩት። «በሚኒባስ ሹፌር ላክልን።»

ሂሳብ አስተማሪ ነው፤ ያልነገሩትን ከተነገረው ያወጣል። «ገባኝ» አለ። ድምፁ ቀጥኗል። «ዝናብ ላይ ነው ያላችሁ?»

«ውጭ ነን፤ መኪናውም ተቆልፏል።»

«መጣሁ» አለና ዘጋው።

አቶ ጣሰው በሽምግልናው ቢከለክለንም ሰው ነው፤ ወደ በረንዳው ጠርቶ አስጠለለን። በዛወርቅ ሦስት በርጩማ አምጥታ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ አጠገባችን ደረደረችልን። ባሏ ግን «ተቀመጡ» አላለም። እኔም አልተቀመጥኩም። አምባው ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል በክርኔ መታሁት። እኛ ስለቆምን ደግሞ አቶ ጣሰው መቀመጥ አልቻለም፤ እንግዳ ቆሞ ባለቤት አይቀመጥም። እንዲህ ሆነን አራት ሽማግሌዎች ቆመን ዝናብ እናያለን። ጉልበቴ ይጠዘጥዘኛል፤ የሱም ሳይጠዘጥዘው አልቀረም፤ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እግሩ ይቆማል። ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ በርጩማዎቹን እያጠበ ነው። በሆዴ ይህን ግትር ሰው መውደድ ጀመርኩ።

ምሽቱ ሲቃረብ የእንሰት ቅጠል ራሱ ላይ የደፋ ሰው በመንገዱ ቁልቁል መጣ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። አጥሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ቅጠሉን ሲያወርድ ወንድማገኝ ሆኖ አገኘሁት።

ጉልበቴን ረስቼ ሮጥኩ ብል አታምኑኝም፤ ግን ሮጥኩ።

«በምን መጣህ አንተ ልጅ?»

«አንድ የጭነት መኪና ዳገቱ ላይ ተንሸራቶ መንገድ ዘግቶ ነበር ጋሼ። ሚኒባሱ ተመለሰ፤ እኔ ወርጄ በእግሬ መጣሁ። አሁን ወደ ዳር ጎትተውታል፤ ትንሽ መኪና ያሳልፋል።» ከደረቱ ፌስታል አወጣ፤ በፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል፣ በዚያ ውስጥ ሪሞቱ። «እንዳይርስ ብዬ ነው» አለኝ።

ወደ ቤቱ ቀና ብሎ አላየም። አጥሩንም አንድ ጫማ አላለፈም።

ሪሞቱን ወደ መኪናዋ አዙሬ ተጫንኩ። ዝም። አምባው ተቀብሎኝ ተጫነ። ዝም። ማሙሽ ተቀብሎ መጀመሪያ ጸለየበት፣ ቀጥሎ ተጫነ። እሱም ዝም። ሰላሐዲን ጋ እንደገና ደወልንና ድምፁን ከፍ አደረግነው።

«የሪሞቱ ባትሪ ከደከመ ሰንብቷል፤ ዛሬ ጨርሶ አልቆ ይሆናል» አለ፤ አሁን ነው የሚነግረን! «ጎኑ ላይ ትንሽ ማንሸራተቻ አለች። እሷን ገፋ አድርጋችሁ ጫፉን ሳቡት።»

ገፋሁ፣ ሳብኩ። ከሆዱ ውስጥ አንዲት ቀጭን ብረት ወጣች። ቁልፍ! የእናት አባቴ ቁልፍ! ጥርስ ያላት፣ የምትጨበጥ! ሳላስበው ሳምኳት። የሹፌሩ በር እጀታ ላይ ቀዳዳ ነበረች፤ አስገብቼ አዞርኩ፤ ተከፈተ።

«አሁን ፍሬን ይረገጥ» አለ ሰላሐዲን። «የሪሞቱን ጀርባ ማስነሻው ላይ አስጠጉት። ጲጵ ስትል ተጫኑ።»

አምባው ረገጠ፣ አስጠጋ፣ ጲጵ አለች፣ ተጫነ። ሞተሩ ተነሳ። ጎረቤት ሁሉ ከየአጥሩ ብቅ ብሎ ነበርና አጨበጨበልን። እኔ ግን ማጨብጨብ አልቻልኩም። መኪናው ተነሳ ማለት መሄዳችን ነው፤ መሄዳችን ደግሞ ነገሩ ማለቁ ነው።

ዞር ስል አቶ ጣሰው የእንሰት ቅጠል ይዞ አጥሩ ጋ ቆሟል። የሚያየው ልጁን ነው።

«አንተ ነህ ወንድማገኝ?»

«አዎ፣ ጋሼ» አለ፤ እጅ ነሳ።

«የሰጠሁትን መልስ ነግረውሃል?»

«በቃል አልነገሩኝም። ከጋሽ ተሰማ ድምፅ አውቄዋለሁ።»

«አውቀህ ነው የመጣኸው?»

«አዎ።»

«ሊለወጥ ይችላል ብለህ?»

«አይደለም ጋሼ። የእርስዎ ቃል እንደማይለወጥ ህይወት ነግራኛለች። ግን እነዚህ ሰዎች ለኔ ብለው ነው የወጡት። የሰው ደጅ ላይ ዝናብ እየመታቸው ትቻቸው ምን ብዬ እቤቴ እቀመጣለሁ?»

«መንገዱ ሲዘጋ ለምን አልተመለስክም?»

ወንድማገኝ ጥያቄው ያልገባው መሰለ። «ሪሞቱ እኔ ጋ ነዋ» አለ።

አቶ ጣሰው ልጁን ከራሱ እስከ ጭቃው አየው። ከዚያ ወደ መንገዱ፣ ኤሊ ወደሄደችበት ወደዚያ አቅጣጫ ለረጅም ጊዜ አየ። ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ፤ ዝናብ ነው እንዳልል ቅጠሉ ከራሱ በላይ ነበር። የያዘውን ቅጠል አጥሩን አሻግሮ ልጁ ራስ ላይ ያዘለት።

«አምባው» አለ፤ «መኪናውን አጥፋው።»

አምባው በመስኮት ብቅ አለ። «አቶ ጣሰው፣ ስንት ለፍተን ነው ያስነሳናት! ካጠፋኋት መልሳ ላትነሳ ትችላለች!»

«አትነሳ» አለ አቶ ጣሰው።

አምባው አጠፋት። ጸጥ ሲል ከጓዳ ህይወት ስታለቅስ ሰማን፤ በዛወርቅ ወደዚያ ሮጠች። አቶ ጣሰው ልጁን ክንዱን ይዞ አጥሩን አሳለፈው፤ እኛም ተከትለን በረንዳው ላይ ወጣን። አንዱን በርጩማ አንስቶ ውሃውን ደፋ፤ በገዛ ጋቢው ጫፍ ጠረገውና ፊቴ አስቀመጠው።

«ጋሽ ተሰማ፣ ይቀመጡ» አለኝ።

በርጩማው ገና እርጥብ ነበር። ተቀመጥኩበት።